ከመቅደላ የተገኘው ሕፃን

አንባቢ ሆይ፤ የጠፋ ልጅ በመጨረሻ ወገኑን እንዳገኘ የሚናገር ታሪክ አንብበህ ይሆናል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ በ1838 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተመው በኦሊቨር ትዊስት መጽሐፍ ሙት ልጁ ትውልዱን ካወቀ በኋላ ታሪኩ ብዙ ሳይሄድ ይፈጸማል። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግን ዋናው ሥራቸው የተጀመረው ወገናቸውን ካገኙ በኋላ ነው።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በተያዘች ጊዜ ሦስት ዓመት ያህል የሆነው ይህ የጎንደር ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ቀረ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኰንን አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰደው። እርሱም ብዙ ሳይቈይ ስለ ሞተ፥ ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ። ከዚያም ሌላው መኰንን ኮሎኔል ማርቲን ወጪውን ችሎ በሚስዮን ተማሪ ቤት አስተማረው፤ ቻርልስ ማርቲንም ተባለ። የመኰንኖቹ ደግነት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ልጁ አማርኛውንና የገዛ ስሙን አጣ፤ ይህም ቀላል ጕዳት አይደለም።

በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን ጨመሩ፤ በበርማም ለእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። ደመወዝና ክብር ነበራቸው፤ የዐድዋን ድል በሰሙ ጊዜ ግን ልባቸው ወደ አገራቸው አዘነበለ።

አስብ፤ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ጉርድ ሾላና ከዚያም ወዲያ የተዘረጋው የዛሬው ከተማ ያን ጊዜ በአብዛኛው ድንኳንና ጎጆ ነበረ። በዚያ ያገራቸውን ቋንቋ የማይሰሙት ሐኪም በሽተኞችን ይረዱ ጀመር። አያታቸውም መጥተው በሕፃንነታቸው ከቀረባቸው ጠባሳ የተነሣ ለዩአቸው። ወርቅነህ መባላቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ወደ በርማ ቢመለሱም ኋላ ጠቅልለው መጡ፤ አማርኛም ተማሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡትም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። እርሳቸው ራሳቸው በእንግዳ እጅ ያደጉ ስለ ነበሩ ይህን ሥራ ከሌላው ሁሉ አስበልጬ እመለከተዋለሁ።

ፋሺስት ኢጣሊያ በመጣብን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ ያሳደጋቸውንም ሕዝብ ስለ ወለዳቸው ሕዝብ ለመኑት፤ የጠየቁትን ያህል እርዳታ ግን አላገኙም። ሁለቱን ልጆቻቸውን ቢንያምንና ዮሴፍን ጠላት በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ገደላቸው፤ አባታቸውም በሩቅ አገር ሆነው መርዶውን ሰሙ። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።