የሐር አርቢዎችን ከኪሳራ ያዳነው ሉዊ ፓስተር

በጂንካና በአካባቢዋ የሚበቅለው ጉሎ ከፍሬው ሌላ ቅጠሉም ይጠቅማል። ኤሪ የሚባለው የሐር ትል የሚመገበው ይህንኑ ቅጠል ነው። የኤሪ ዝርያ በሕንድ ሰሜን ምሥራቅ ከሚገኝ የዱር የእሳት እራት የተላመደ ሲሆን፣ በአገራችንም በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እርባታው ተጠንቷል። ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስቡ የገበሬ ማኅበር መሪዎች የሉዊ ፓስተርን ታሪክ ቢያውቁ ይበጃቸዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓስተር በ1822 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ በማልፋት የሚተዳደር ሰው ሲሆን፣ ልጁ ግን ተምሮ የታወቀ የኬሚስትሪ ሊቅ ለመሆን በቃ።

በ1853 ዓ.ም. 26 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ያህል የነበረው የፈረንሳይ የሐር ጥቅል ምርት በ1865 ወደ 4 ሚሊዮን ወረደ። ምክንያቱም ትሉ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚያስመስል ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣ በሽታ ነበር። በዚሁ ዓመት ፓስተር የሐር ትል ነክቶ ባያውቅም፣ መምህሩ ዱማ ስለ ለመኑት ወደ አሌስ ወረዳ ሄደ። በዚያው ዓመት አባቱና የ2 ዓመት ልጁ፣ በተከታዩም ዓመት የ12 ዓመት ልጁ ሞቱበት። እርሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ባለቤቱም አብራው ትሎቹን ታረባ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ግራ ጎኑ ሽባ ሲሆንም ከአልጋው ላይ ሆኖ ጥናቱን ቀጠለ።

በመጀመሪያ በማይክሮስኮፕ የታዩት ጥቃቅን ፍሬዎች የበሽታው መንስዔ አይመስሉትም ነበር። በኋላ ግን ስሕተቱን ራሱ አረመ። በሽታው በተበከለ ቅጠልና ከእናቲቱ በእንቁላል አማካይነት እንደሚተላለፍም አረጋገጠ።

የሐር ትል ከእንቁላል ተፈልፍሎ፣ አራት ጊዜ ቆዳውን ገፍፎ፣ በክሩ ራሱን ይጠቀልላል። ከጥቅሉ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል፤ ሴቲቱም እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። የፓስተር ዘዴ ከዚህ የተነሣ ነው። እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ በጨርቅ ላይ እንድትጥል ይደረግና፣ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ በውሃ ተወቅጣ በማይክሮስኮፕ ትመረመራለች። የበሽታው ፍሬ ከተገኘባት እንቁላሏ ይቃጠላል፤ ንጹሕ ከሆነች ለዘር ይቀመጣል። አርቢውም የሚከስረው ጥቂት እንቁላል ብቻ ነው።

ፓስተር በ1881 ዓ.ም. የአባ ሰንጋን ክትባት በበጎች ላይ በአደባባይ አሳየ፤ በ1885 የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት በሰው ላይ ሞከረ። በ1895 ዓ.ም. በ72 ዓመቱ አረፈ።

ይህ በሽታ ኤሪንም ስለሚይዝ፣ ማኅበራት መልኩን ብቻ አይተው እንቁላል መግዛት አይገባቸውም። እናቲቱ መመርመሯን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቤቱንና ሰፌዱን ያጽዱ፤ የታመመውንም ትል ሳይውል ሳያድር ለይተው ያቃጥሉ።