የደማስቆው የወቅት ጠባቂና የቤታችን ግድግዳ

በአረቅጥ የሚኖር አንድ ሙስሊም በቤቱ ግድግዳ ላይ የሶላት ወቅት የሚያመለክት የፀሐይ ሰዓት ልሥራ ቢል፣ አስቀድሞ ታሪካቸውን ሊያውቅ የሚገባው አንድ ዓሊም አሉ፡፡ እኚህም ዐላኡዲን ዐሊ ኢብን ኢብራሂም፣ በዝናቸው ኢብኑ ሻጢር ናቸው፡፡

ኢብኑ ሻጢር በ1304 እ.ኤ.አ. ገደማ በደማስቆ ተወለዱ፡፡ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞተው የቲም ሆኑ፡፡ ዘመዶቻቸው አሳድገው በዝሆን ጥርስ የማስጌጥን ሙያ አስተማሯቸው፡፡ እሳቸው ግን በዚህ አልተወሰኑም፤ ወደ ካይሮና እስክንድርያ ተጉዘው ሥነ ፈለክን ተማሩ፡፡ ተመልሰውም የታላቁ የኡመያ መስጂድ ሙወቂት፣ ማለትም የሶላት ወቅት ጠባቂ ሆኑ፡፡ ሙወቂት ከተሳሳተ ሕዝቡ ያለ ወቅቱ ይሰግዳልና ኃላፊነቱ ከባድ ነበር፡፡

ጸሐፊው ሰለሑዲን አስ-ሰፈዲ በ1343 ቤታቸው ሄደው በግድግዳ ላይ የቆመ፣ ያለ ውሃና ያለ አሸዋ ሌት ተቀን የሚዞር መሣሪያ ማየታቸውን መዝግበዋል፡፡ ትልቁ ሥራቸው ግን በ1371 (773 ሂጅሪያ) በመስጂዱ ሰሜናዊ ሚናራ ላይ ያኖሩት የእብነ በረድ የፀሐይ ሰዓት ነው፡፡ በጥንቶቹ ሰዓቶች ቀኑ ሲረዝም እያንዳንዱ ሰዓትም ይረዝም ነበር፡፡ ኢብኑ ሻጢር ግን ዘንጉን ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ አድርገው ስለተከሉት ጥላው ዓመቱን ሙሉ እኩል ሰዓቶችን ቆጠረ፡፡ በ1375 ሲሞቱ ያንን ሥራ ለተተኪው ትውልድ ትተው ነው፡፡

ታዲያ ያንን ሰሌዳ ገልብጦ አረቅጥ ላይ መስቀል ይቻላልን? አይቻልም፡፡ የደማስቆ ኬክሮስ 33 ዲግሪ ተኩል ሲሆን የአረቅጥ 8 ገደማ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ወደ ደቡብ በሚያየው ግድግዳ ላይ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ጫፉ 8 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ይላል፡፡ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ያ ግድግዳ ጥላ ይሆናል፤ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ጫፉ ሽቅብ ያየ ሁለተኛ ዘንግ ያስፈልጋል፡፡

የኢብኑ ሻጢር ትምህርት ይህ ነው፡፡ የአላህ ፀሐይ አንዲት ናት፤ ጥላዋን ግን እያንዳንዱ አገር በራሱ ምድር ቆሞ ሊለካ ይገባዋል፡፡ የሌላውን ሰሌዳ የቀዳ ሰው ዕውቀትን ሳይሆን ስህተትን ይወርሳል፡፡ አላህ ይዘንላቸው፡፡