ዋልተር ካደንና የሲሊንደር ቀዳዳዎች

የአትክልት ገበያው በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ ቢዛወርም ስሙን ይዞ በቀረው በአትክልት ተራም ሆነ ሽቅብ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ የቬስፓ ሲሊንደር ፈትቶ በእጁ ያገላበጠ መካኒክ አስቀድሞ የሚያስተውለው ቫልቭ የሚባል ነገር አለመኖሩን ነው። በቫልቭ ፈንታ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነርሱንም የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ፒስተን ራሱ ነው። ስለዚህ የባለ ሁለት ምት ሞተር ጠባይ በአብዛኛው የሚወሰነው በቀዳዳዎቹ ቁመት፣ ስፋትና አቅጣጫ ነው። ጉልበት እንዲጨምርለት የሚፈልግ ሰው ሞረድ ማንሣት የሚቃጣውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን የትኛው ቀዳዳ ይሞረድ? በየትኛው ጎኑ? ምን ያህል? ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በልክ ለመመለስ ዕድሜውን የሰጠው ጀርመናዊው መሐንዲስ ዋልተር ካደን ነበር።

ካደን የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1 ቀን 1919 በሳክሶኒ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው በፖበርሻው መንደር ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አባቱ በዞፓው ከተማ በነበረው የዴካቬ ሞተር ብስክሌት ፋብሪካ የአንድ ኃላፊ ሾፌር ነበር። ልጁም በሰባት ዓመቱ፣ በ1927፣ የኑርቡርግሪንግ የእሽቅድምድም ጎዳና ሲመረቅ ለማየት በቃ። ከዚያ ወዲህ ልቡ ከሞተር አልተለየም ይባላል፤ በኬምኒትዝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶም ተማረ።

ያደገበት አካባቢ የሁለት ምት ሞተር አገር ነበር። ቀደም ባሉት ሞተሮች አዲሱ ጋዝ በቀጥታ ወደ ጭስ መውጫው እንዳያመልጥ በፒስተኑ ራስ ላይ ጉብታ ይሠራ ነበር። ጉብታው ግን ፒስተኑን ያከብደዋል፤ ሙቀትም ያበዛበታል። በ1925 አዶልፍ ሽኑርለ የተባለ መሐንዲስ ሁለት የማሸጋገሪያ ቀዳዳዎችን ከጭስ መውጫው ግራና ቀኝ አድርጎ ወደ ኋላኛው ግድግዳ አዘነበላቸው። ጋዙም ግድግዳውን ታክኮ ወጥቶ ተጠማዞ ሲመለስ የተቃጠለውን ጠርጎ አስወጣ፤ የፒስተኑም ራስ ጉብታውን ትቶ ቀለል አለ። ዴካቬ ይህን መብት ገዝቶ ከሠራቸው ሞተር ብስክሌቶች አንዱ 125 ሲ.ሲ. የነበረው ኤር ቴ ነው። ይህ ሞተር ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን ተቀድቷል፤ የያማሃ የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌትም ከዚሁ የተቀዳ ነው።

በጦርነቱ ዘመን ካደን በሄንሸል የአውሮፕላን ፋብሪካ ከአየር እየተመራ የሚወረወር ቦምብ በሚሠራው ክፍል ውስጥ አገለገለ። ጦርነቱ ሲያበቃ በአሜሪካኖች እጅ ቆይቶ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰና በቦምብ የፈረሱ ቤቶችን ጣሪያ ለመጠገን የሚያገለግል የእንጨት ሥራ ጀመረ። በትርፍ ጊዜው ግን ከኤር ቴ ሞተር የራሱን መወዳደሪያ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው፣ ማለትም ኋላ ኤም ሴት የተባለው፣ ይህን አይቶ በ1953 የእሽቅድምድም ክፍሉን እንዲመራ ጠራው።

ክፍሉ ትንሽ ነበር፤ ዕቃውም፣ ገንዘቡም፣ ጥሩ ብረቱም አነስተኛ። ምሥራቅ ጀርመን ምን ያህል የውጭ ምንዛሪ ያጥራት እንደ ነበር ለኢትዮጵያውያን መንገር አያሻም፤ በ1977 ቡናችንን በጭነት መኪናና በጦር መሣሪያ የለወጠችው ያችው አገር ናት። ካደን ብዙ ሲሊንደርና ብዙ ቫልቭ ያላቸውን የሀብታም ፋብሪካ ሞተሮች በወጪ ሊወዳደራቸው አይችልም። የቀረለት የሥራ መስክ የቀዳዳዎቹ ልክ ነበር ለማለት ይቻላል።

ለሙያው ሰው የልኩ ዘዴ አስቸጋሪ አይደለም። በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ ይታሰራል፤ ፒስተኑ ከፍተኛ ቦታው ላይ ሲደርስ ዜሮ ይያዛል፤ ከዚያ በእጅ እየተዞረ እያንዳንዱ ቀዳዳ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ዲግሪ ይመዘገባል። የፒስተኑ ጉዞ 54 ሚሊ ሜትር በሆነ ሞተር ላይ የጭስ መውጫውን የላይኛ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ማድረግ ቀዳዳው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ከአራት ዲግሪ በላይ ያረዝመዋል።  ትርፉ በከፍተኛ ፍጥነት የሚገኝ ጉልበት ሲሆን ኪሣራው ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚታይ ድካም ነው፤ በጭነት ዳገት የሚወጣ ሞተር ብስክሌት ይህን ኪሣራ አይችለውም። ቀዳዳው ወደ ጎን ያለ ልክ ከሰፋ ፋሻው ወደ ውስጡ እየተለጠጠ ይሰበራል። የማሸጋገሪያው ቀዳዳ ከጭስ መውጫው እጅግ ቀርቦ ከተከፈተ ደግሞ ገና ግፊቱ ያልበረደ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ታች ወደ ክራንክ ቤቱ ይገባል። አንዱ ሲነካ ሌላው የሚናጋበት ሥራ ነው።

ካደን በዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን አጣመረ። አንደኛው ከክራንክ ሻፍቱ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ቀጭን ዲስክ ነው፤ ካርቡራቶሩ የሚያስገባውን ጋዝ ፒስተኑ ሳይሆን ይህ ዲስክ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሐሳቡን ዳንኤል ዚመርማን የተባለ ተወዳዳሪ በራሱ ሞተር ላይ ቀድሞ ሞክሮት ነበር። ሁለተኛው ከኋላኛው ግድግዳ የተከፈተ ሦስተኛ የማሸጋገሪያ ቀዳዳ ነው፤ ከፒስተኑ ሥር የተጠራቀመው ቀዝቃዛ ጋዝ በፒስተኑ በተበሳ መስኮት አልፎ ሲወጣ ፒስተኑንና የቢየላውን የላይኛ ጫፍ ያቀዘቅዛል። ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚልቀው፣ መሐሉ ያበጠው ማርሚታ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው የጭስ ግፊት በሰፊው ክፍል ሲያልፍ ከኋላው የሚስብ ሞገድ ይልካል፤ ጠባቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚገፋ ሞገድ ይመልሳል። የሚገፋው ሞገድ በጊዜው ከደረሰ ያመለጠውን አዲስ ጋዝ ቀዳዳው ሳይዘጋ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። የማርሚታውን ርዝመት ለዚህ ጊዜ ለማስማማት ካደን ሞገዶቹን በኦሲሎስኮፕ እያየ ይለካ ነበር። ሁሉንም እርሱ ፈለሰፈው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ሁሉንም በአንድ ሲሊንደር ላይ በልክ ያስማማው ግን እርሱ ነው።

ውጤቱም ታየ። በ1958 ሆርስት ፊውግነር በስዊድን በ250 ሲ.ሲ.፣ በ1959 ደግሞ ኤርንስት ዴግነር በጣሊያን በሞንዛ በ125 ሲ.ሲ. አሸነፉ። በ1961 የካደን 125 ሲ.ሲ. ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ በሊትር ሲሰላ 200 መሆኑ ነው። አየር የሚያስገድድ መሣሪያ ሳይታከልበት እዚህ የደረሰ ሞተር ከዚያ በፊት አልነበረም።

በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮናው ለዴግነር የቀረበ መስሎ ነበር። በነሐሴ የበርሊን ግንብ ተሠራ። ሴፕቴምበር 17 ቀን በስዊድን በክሪስቲያንስታድ በተደረገው ውድድር ነጥቡን ይመራ የነበረው ዴግነር ሞተሩ ተበላሽቶበት ወጣ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። ሚስቱና ልጆቹ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተደብቀው ወደ ምዕራብ ተሻግረው ነበር። ሻምፒዮናው ለሆንዳው ቶም ፊሊስ ሆነ። ዴግነር ወደ ጃፓን ሄዶ ለሱዙኪ ሠራ፤ በ1962 በሱዙኪ በ50 ሲ.ሲ. የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ካደን በስምንት ዓመት የሰበሰበው የዲግሪ፣ የሚሊ ሜትርና የማርሚታ ልክ ሁሉ በአንድ ሰው አእምሮ ተጭኖ የሚሻገር ነበር። በዴግነር ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ያን ግንብ ላላየ ሰው ግን ፍርዱን ማዘግየት ይሻላል።

ካደን ቀረ። በ1963 ማይክ ሄይልውድ በአገሩ በሳክሰንሪንግ በኤም ሴት አሸነፈለት። ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 1967 ድረስ የአገሩ ቡድን በኤም ሴት ሞተር ብስክሌቶች የስድስት ቀኑን የገጠር ውድድር ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። በዋናው የጎዳና ሻምፒዮና ግን ኤም ሴት 13 ድል ሲያገኝ አንድም ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን አልሆነም። ሻምፒዮናዎቹን ያማሃና ሱዙኪ ለቀሙ። ከ1975 ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ የ500 ሲ.ሲ.ውን ማዕርግ ከሁለት ምት ሞተር በቀር የወሰደ የለም።

ካደን አገሩ ከምዕራብ ጀርመን ጋር ስትዋሐድ ለማየት በቅቶ ማርች 3 ቀን 1996 በ76 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያ ዓመት ለ500 ሲ.ሲ.ው ሻምፒዮና የተሰለፉት ሞተር ብስክሌቶች ሁሉ ሁለት ምት ነበሩ፤ ማርሚታቸውም መሐሉ ያበጠ ነበር።