ከመቅደላ የተወሰደው የጎንደር ልጅ

ስለ ልዑል አለማየሁ ያልሰማ የለም። እንግሊዞች መቅደላን ሰብረው ሲመለሱ የአጼ ቴዎድሮስን ልጅ ይዘውት ሄዱ፣ በ18 ዓመቱ እዚያው አገራቸው ሞተ፣ አጽሙም እስካሁን ዊንዘር ነው። በዚያው ሰሞን ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደ ሌላ ልጅ ግን ነበር። የንጉሥ ልጅ አይደለም። ስሙንም ብዙዎቻችን የምናውቀው ሐኪም ስለነበረ ብቻ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሌላኛው ሥራው ነው፤ ዲፕሎማት ስለነበረው ሐኪም ወርቅነህ።

ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ከተማ ተወለደ። ዘመኑ ለጎንደር ክፉ ነበር። በ1859 አጼ ቴዎድሮስ ከተማዋን አዘረፏት፣ አቃጠሏት። የልጁ ቤተሰብም የንጉሡን ሰፈር ተከትሎ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ ደረሰ። ሚያዝያ 1860 ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲያጠፉና አምባው ሲያዝ በዚያ ግርግር መሀል ልጁ ከወላጆቹ ጠፋ። ገና 3 ዓመቱ ነው።

ቻምበርሌን የሚባል እንግሊዛዊ ኮሎኔል አግኝቶ ወደ ህንድ ወሰደው። እሱ ብዙም ሳይቆይ ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል ወጪውን ቻለለት። የአንዱ የመጀመሪያ ስም፣ የሌላው የቤተሰብ ስም ተጣምሮ ልጁ ቻርልስ ማርቲን ሆነ። አምሪትሳር በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፣ በ1874 ላሆር ላይ በህክምና ተመረቀ፣ ወደ ስኮትላንድ ሄዶም ትምህርቱን ጨመረ። ከዚያ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኖ በርማ ተመደበ። አማርኛው ጨርሶ ጠፍቷል። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያውቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ከዚያ አድዋ መጣ። የድሉን ወሬ በርማ ሆኖ ሰማ፣ ነገሩ እንቅልፍ ነሳው፣ በ1891 አዲስ አበባ ገባ። ድንኳን ተክሎ በነጻ ማከም ጀመረ። በልጅነቱ ከመቅደላ የተወሰደ ሐኪም መጥቷል የሚለው ወሬ ሲናፈስ ሴት አያቱ ሰምተው መጡ። ሰውነቱ ላይ ባሉት የልጅነት ጠባሳዎች ለዩት። ወርቅነህ የሚለውን ስሙን ያገኘው ያን ቀን ነው። በ34 ዓመቱ! ከዘመዶቹ ጋር የሚነጋገረው ግን በአስተርጓሚ ነበር።

ከዚህ በኋላ አንተ ማለት ይከብደኛልና እሳቸው ልበል።

ወደ በርማ ተመለሱ፣ እንደገና መጡ፣ አጼ ምኒልክን በህመማቸው ጊዜ አከሙ። በ1911 ከበርማ ሥራ ጡረታ ወጥተው ጠቅልለው ገቡ። የምኒልክን ሆስፒታል መሩ፣ ለተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ፣ ዳኛ ሆኑ፣ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በአማርኛም የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ። ይሄ ሁሉ የራሱ ጽሑፍ ይገባዋል፤ እኔ ግን ወደ ጣና ልውሰዳችሁ።

በህዳሴ ግድብ ክርክር ስሙ ሲነሳ የከረመውን የ1894ቱን ውል ታስታውሳላችሁ። ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በጣና፣ በዓባይና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የፈረሙት ነው። በ1918 ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ፣ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ፣ ጣሊያን ባቡር መንገድ እንዲያገኙ ለመደጋገፍ ተስማሙ። ራስ ተፈሪ ጉዳዩን ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ወስደው ተቃወሙ። ከዚያም ሌላ መላ መጣ። ግድቡን ኢትዮጵያ ራሷ ታሠራዋለች፣ ውሃውን ለሱዳንና ለግብጽ ትሸጣለች፣ የሚገነባው ደግሞ እዚህ አካባቢ ቅኝ ግዛት ከሌላት ከአሜሪካ የመጣ ኩባንያ ይሆናል።

ይህን እንዲደራደሩ በ1920 መጀመሪያ ኒው ዮርክ የተላኩት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። አስቡት፤ እንግሊዞች ያሳደጓቸው፣ ጡረታቸውም ከእንግሊዝ መንግሥት የሚመጣ ሰው፣ እንግሊዝ ለራሷ ስትመኘው በኖረችው የጣና ግድብ ላይ ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። የ20 ሚሊዮን ዶላር ግድብ ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ለንደን ተደናገጠች። በዚያው ጉዞ ሃርለም ሄደው ጥቁር አሜሪካውያንን አገኙ፤ ሙያ ያላችሁ ወደ ኢትዮጵያ ኑ ብለው ጋበዙ። ግድቡ ሳይሠራ ቀረ። ኩባንያው ጥናት አካሂዶ ነበር፣ ጦርነቱ ቀደመው።

ጨርጨርን ለጥቂት ዓመታት ገዝተው አሰበ ተፈሪን (የዛሬዋን ጭሮን) ሲያለሙ ቆዩና በ1927 የመጨረሻው ሹመት መጣ፤ በለንደን የኢትዮጵያ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር። ዕድሜያቸው 70 ደርሷል። የጣሊያን ጦር ኤርትራና ሶማሊያ ላይ ተከማችቷል።

ሥራው ልመና ነበር ማለት ይቻላል። መሣሪያ ለመግዛት ፈቃድ ጠየቁ፤ እንግሊዝ ገለልተኛ ነኝ በሚል ሽያጩን ከልክላለች። ገለልተኝነቱ የጎዳው የራሷ ፋብሪካ የሌላትን ኢትዮጵያን ነው። ብድር ፈለጉ፣ አልተሳካም። ለጋዜጦች ጻፉ፣ አዳራሽ ለአዳራሽ ዞረው ተናገሩ፣ ለቁስለኞች ገንዘብ አሰባሰቡ። ሌጋሲዮኑ (ያኔ ኤምባሲ እንደማለት ነው) ለኢትዮጵያ እንዋጋ በሚሉ ሰዎች ደብዳቤ ተጥለቀለቀ። የእንግሊዝ ሕዝብ ከእሳቸው ጋር ነበር፤ መንግሥቱ ግን አልነበረም። ህዳር 1928 መጨረሻ ላይ የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ብዙ የኢትዮጵያን መሬት ለሙሶሊኒ ለመስጠት በድብቅ ተስማሙ። ወሬው ሲያፈተልክ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሆር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ ጦርነቱ ግን ቀጠለ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ስደተኛ ሆነው ለንደን ሲገቡ ተቀባዩ ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው የጥቁር አንበሳ ጦርን ተቀላቅለው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ጣሊያን የተማረ ወጣት እያደነ ፈጀ። ሁለቱም ተገደሉ። አባት ከአገራቸው ውጭ ነበሩ።

አንዳንዴ ሐኪም ወርቅነህ እንግሊዝ የሠራችው ሰው ናቸው ሲባል እሰማለሁ። አነጋገራቸው፣ አለባበሳቸው፣ ሃይማኖታቸው ሳይቀር የዚያ አስተዳደግ ውጤት ነው፣ ልክ ነው። ግን አገሪቱን የእንግሊዝን ቋንቋና ሕግ አሳምረው በሚያውቁ ሰው ማስወከል ለኢትዮጵያ ትልቅ ነገር ነበር። የተጠቀሙበትም ለእሷ ነው፤ ጣና ላይም፣ ለንደን ላይም።

በኋላ ወደ ህንድ፣ በልጅነታቸው ወደተወሰዱበት አገር፣ ከቤተሰባቸው ጋር ሄደው ስደቱን ገፉ። በ1934 ተመለሱ። መስከረም 1945 በ88 ዓመታቸው አረፉ። ለብዙ ዓመታት የጻፉት የዕለት ማስታወሻ አለ። በእንግሊዝኛ ነው።