ካማራጅና የማድራስ ኮንግረስ ፓርቲ

ዛሬ ታሚል ናዱ በሚባለው፣ ቀድሞ የማድራስ ግዛት ይባል በነበረው በደቡብ ሕንድ የኮንግረስ ፓርቲን ለረዥም ዘመን የመሩት ኩማራስዋሚ ካማራጅ ጁላይ 15 ቀን 1903 ቪሩዱናጋር በምትባል የንግድ ከተማ ተወለዱ (የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተገኙበት የናዳር ወገን ብዙዎቹ የዘንባባ ጠጅ በመቅዳት ይተዳደሩ የነበሩ፣ ከቤተ መቅደስ ደጅ ተከልክለው የኖሩ ናቸው። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱ ትምህርታቸውን ገና በጧቱ አቋርጠው በአጎታቸው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጠሩ። ኋላ ግዛቱን ሲመሩ ከሁሉ አስቀድመው ለትምህርት ማሰባቸው ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ወደ ፖለቲካው የገቡት በወጣትነታቸው ሲሆን፣ በ1930 በተደረገው የጨው ሰልፍ ተሰልፈው ታሰሩ። ከዚያም በኋላ ደጋግመው ታስረዋል፤ የእስራታቸው ዘመን ቢደመር ስምንት ዓመት ያህል ይሆናል። ከወኅኒ ሲወጡ ግን ሥራቸው አንድ ነበር፤ መንደር ለመንደር እየዞሩ የፓርቲውን ሰዎች በስምና በጠባይ ማወቅ። በ1940 የታሚል ናዱ ኮንግረስ ሊቀ መንበር ሆነው ሲመረጡ ተሸናፊው የታላቁ የራጃጎፓላቻሪ ዕጩ ነበር። የካማራጅ የፖለቲካ መምህር ሳትያሙርቲም ለቀድሞው ደቀ መዝሙራቸው ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። እንዲህ ያለው የትሕትና ሥራ በፓርቲዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ራጃጎፓላቻሪ የግዛቱ ዋና ሚኒስትር በነበሩበት በ1953 ሕፃናት ግማሹን ቀን ብቻ ተምረው በቀረው የወላጆቻቸውን ሙያ እንዲለማመዱ የሚያዝ ዕቅድ አወጡ። የጫማ ሰፊ ልጅ ጫማ ሰፊ፣ የሸክላ ሠሪም ልጅ ሸክላ ሠሪ ሆኖ ይቅር ማለት ነው ተብሎ ተቃውሞ ስለ ተነሣ በ1954 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በምክር ቤቱ አባሎች ምርጫ ካማራጅ ሱብራማኒያምን አሸንፈው በቦታቸው ተተኩ፤ ዕቅዱንም ሻሩት። ተፎካካሪያቸውን ሱብራማኒያምን ግን ከካቢኔያቸው አላራቁም። የቤተ መቅደሶችንም አስተዳደር ቀድሞ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ ከተከለከሉት ወገኖች ለተወለደ ሚኒስትር ሰጡ።

በዘጠኝ ዓመት ተኩል አገዛዛቸው ግድቦችና ፋብሪካዎች ተሠርተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የትምህርት ሥራቸው ነው። የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ትምህርት ቤት ባልነበረባቸው መንደሮች አዲስ ተሠራ፤ ከ1956 ጀምሮም ለድሃ ተማሪዎች የምሳ ምግብ መስጠት ተስፋፋ። የተራበ ሕፃን ፊደል ቢያስተምሩት አይገባውም የሚለው ሐሳብ ቀላል ቢመስልም ወጪው ከባድ ስለ ነበር የመንግሥት ሹማምንት አመንትተው ነበር። ካማራጅ ግን አልተመለሱም።

በ1963 የፓርቲው ኃይል በመላው ሕንድ መድከም ሲጀምር ትልልቅ ባለሥልጣኖች ሹመታቸውን ትተው ወደ ፓርቲ ሥራ ይመለሱ የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው። በዚህም መሠረት ስድስት የማዕከላዊ መንግሥት ሚኒስትሮችና ስድስት የግዛት ዋና ሚኒስትሮች ሲለቁ፣ ካማራጅም ኦክቶበር 2 ቀን ሥልጣናቸውን ለባክታቫትሳላም አስረከቡ። በተከታዩ ዓመት የመላው ሕንድ ኮንግረስ ሊቀ መንበር ሆኑ። ኔህሩ በ1964 ሲሞቱ ሻስትሪ፣ ሻስትሪም በ1966 ሲሞቱ ኢንድራ ጋንዲ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ዋናውን ሥራ የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ኢንድራ ጋንዲ ሞራርጂ ዴሳይን 355 ለ169 በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ካማራጅ ግን እንግሊዝኛም ሆነ ሂንዲ እንደ ልብ ስለማይናገሩ ለራሳቸው ቦታውን አልፈለጉትም።

ይሁን እንጂ በዴልሂ ንጉሥ አንጋሽ የሆኑት ሰው በአገራቸው የተዉት ቦታ ባዶ ሆነ። በ1965 ሂንዲ የመንግሥት ቋንቋ ይሆናል በተባለ ጊዜ የማድራስ ተማሪዎች ተነሡ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። የሩዝ እጥረትም ተጨመረ። ካማራጅ የመላው አገር ፓርቲ መሪ በመሆናቸው ከታሚል ሕዝብ ቁጣ ጋር መቆም አልቻሉም። በ1967 ምርጫ የአናዱራይ ፓርቲ፣ ድራቪዳ ሙኔትራ ካዛጋም፣ ግዛቱን ያዘ። ካማራጅ ራሳቸው በተወለዱበት በቪሩዱናጋር በአንድ የተማሪዎች መሪ በ1,285 ድምፅ ተሸነፉ። ቤት ለቤት ያደራጁት ፓርቲ መሪው በሌሉበት ዓመታት ከሥሩ ላልቶ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ኮንግረስም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በዚያ ግዛት መንግሥት መመሥረት አልቻለም።

በ1969 ከናጋርኮይል ተመርጠው ዴልሂ ምክር ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት ፓርቲው ለሁለት ሲከፈል ካማራጅ ለሥልጣን ካበቋቸው ከኢንድራ ጋንዲ ጋር ተለያይተው ከነባሮቹ ወገን ቆሙ። በጁን 1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና የቅርብ ጓደኞቻቸው ሲታሰሩ እጅግ አዘኑ። ኦክቶበር 2 ቀን 1975 በማድራስ ከተማ ዐረፉ። ትዳር አልያዙም፤ ከልብሳቸውና ከመጻሕፍታቸው በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት አልተውም። በተከታዩ ዓመት ባራት ራትና የተባለውን የሕንድ ከፍተኛ ኒሻን ለመታሰቢያቸው የሰጠው የኢንድራ ጋንዲ መንግሥት ነው።