አበበ ቢቂላ ስንት ጊዜ ከዜሮ ጀመረ?

ሩጫ ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ወር ጫማዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁና ከሐይቅ ከተማ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ደግሞ አይረሳም፤ የድሮ ሰዓቴን ከፍቶ አሳየኝ፦ 10 ኪሎ ሜትር በ48 ደቂቃ። እሱን ልድገም ብዬ ተነሳሁ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ሳይሞላ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። በባጃጅ ተመለስኩ፣ ሾፌሩም ከልቡ ሳቀብኝ። ጉልበቴ ሳምንት ሙሉ አመመኝ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ዕድገት የሚለካው ከመነሻ ዓመት ነው ተብለናል። መነሻው ከተሳሳተ ቀጥሎ ያለው ስሌት ሁሉ ውሸት ነው። የእኔ መነሻ ዓመት ተማሪ እያለሁ፣ በየቀኑ ስሮጥ የነበረበት ነው። ዛሬ ያንን እግር ከየት አመጣለሁ?

ጉልበቴን አስታምሜ ተጋድሜ ሳለሁ የአበበ ቢቂላን ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። ስለ ባዶ እግሩ ሁላችንም እናውቃለን። እኔን የገረመኝ ግን ስንቴ እንደ አዲስ እንደጀመረ ነው።

አበበ በ1924 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም እዚያ አገኘው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ቤት ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲባል፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። እስከዚያን ቀን በዓለም ማንም በዚያ ፍጥነት አልጨረሰም። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው፤ ቦታውን ከውድድሩ በፊት ከአሠልጣኙ ጋር መርጠውት ነበር። ከ42 ኪሎ ሜትር መሃል አንድ ምልክት ለይቶ መያዝ! ይህን ከእሱ ሰርቄዋለሁ።

ከዚያ ቶኪዮ መጣ። ውድድሩ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አበበ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሮጠ፣ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንደገባም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ታሪክ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አደገኛ ነው። አበበ በአምስት ሳምንት ከተነሳ እኔስ ምን ይከለክለኛል ያሰኛል። አበበ ግን ከሕመሙ በፊት ለዓመታት የገነባው ሰውነት ነበረው፤ እኔ የነበረኝ የሁለት ዓመት ሶፋ ነው። ደግሞም የእሱም አካል ሁልጊዜ እሺ አላለውም። ሜክሲኮ ላይ በ1961 ዓ.ም. እግሩን ተጎድቶ ገባና ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ አቋረጠ። ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ላይ ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ አደጋ ደረሰበት። በመጀመሪያ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ ወራት አሳለፈ። እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በዓለም ላይ በእግሩ የታወቀ ሰው፣ ገና በ36 ዓመቱ። የሮምን ሰዓት መነሻ አድርጎ ቢቀመጥ ኖሮ ቀሪ ሕይወቱ ኪሳራ ብቻ ይሆን ነበር።

እሱ ግን ከዳኑት እጆቹ ተነሳ። ቀስት ማነጣጠር ለመደ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በእነዚህ ሁለት ስፖርቶች በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄደና ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። የጃቶ ልጅ፣ በረዶ ላይ፣ በውሻ! ሜዳሊያ ካጠለቀባቸው ቀናት ሁሉ ይህችን ቀን ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አዕምሮው ውስጥ ደም ፈሶ አረፈ። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሡም ተገኝተው ነበር።

እኔም የ48 ደቂቃዋን ሰዓት ከአፑ ላይ አጠፋኋት። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምወጣው፦ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ በድምሩ ሃያ ደቂቃ። እያወራሁ መሮጥ ካቃተኝ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። የአክሱም ሐውልት ሐይቅ ውስጥ ስለሌለ መንገድ ዳር አንድ ዋርካ መርጫለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሳላቆም ደረስኩበት። ያ ባለ ባጃጅ አጠገቤ ቀስ ብሎ ክላክስ አደረገልኝ፤ በእጄ ሂድ አልኩት።