ማዳም ኪዩሪና የጨረር ጥንቃቄ

እሳት ለሚጠብቀው ሰው ምግቡን ያበስልለታል፤ ለቸልተኛ ግን ቤቱን ያቃጥልበታል። እሳትስ በብርሃኑና በሙቀቱ ስለሚታወቅ ከእርሱ መራቅ ይቻላል። ዓይን የማያየው፤ እጅም የማይዳስሰው የራዲዩም ጨረር ግን ጐጂነቱ በሚገባ የታወቀው ብዙ ሰዎች ከተጐዱበት በኋላ ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የጨረር መመርመሪያ ቤት የሚጠበቀው ሕግ በምን ዋጋ እንደ ተገኘ ለመረዳት፤ የማዳም ማሪ ኪዩሪን ሕይወት መመልከት ይበቃል። ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ማሪ በ1867 ዓ.ም. በፖላንድ አገር በዋርሶ ከተማ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ከተማይቱ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲዋም ሴቶችን አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ማሪ በሰው ቤት ልጆች እያስተማሩ ከቈዩ በኋላ በ1891 ወደ ፓሪስ ሄደው በሶርቦን ገቡ። በ1893 በፊዚክስ፤ በ1894 ደግሞ በሒሳብ ማዕረግ ተቀበሉ። በ1895 ሊቁን ፒየር ኪዩሪን አገቡ።

ባልና ሚስቱ በ1898 ፖሎኒዩምና ራዲዩም የተባሉትን ሁለት ንጥረ ነገሮች አገኙ። ከዚያም ጣራው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ውስጥ በብዙ ቶን የሚቈጠር የማዕድን ዝቃጭ እያፈሉና እያጣሩ፤ በ1902 የአንድ ግራም አንድ ዐሥረኛ የሚያህል የራዲዩም ጨው ለይተው አወጡ። ማታ ማታም ወደዚያ ተመልሰው በጨለማ ሲያበራ ማየት ደስ ያሰኛቸው ነበር። በ1901 ፒየር ራዲዩምን በክንዳቸው ላይ አስረው ቆዳቸው ሲቈስል ተመለከቱ። ቍስሉ ያስተማረው ሁለት ነገር ነበር። ነቀርሳን ሊያክም መቻሉን ዓለም ፈጥኖ ተቀበለ፤ ጤነኛውን ሥጋ መጕዳቱን ግን ቸል አለው።

በ1903 ባልና ሚስቱ ከቤክሬል ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በ1906 ፒየር በመንገድ ላይ ጋሪ ገጭቷቸው ሞቱ፤ ማሪም በባላቸው ወንበር ተተክተው በሶርቦን ለማስተማር የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ። በ1911 በኬሚስትሪ ሁለተኛውን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜ፤ የራጅ መሣሪያ የተጫነባቸውን መኪናዎች አዘጋጅተው ከልጃቸው ከኢሬን ጋር ቍስለኞችን ይረዱ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ የራዲዩም ተቋም ሲመሩ፤ ተማሪዎቻቸው የራዲዩሙን ቱቦ በመቈንጠጫ እንጂ በእጅ እንዳይነኩ፤ በእርሳስ መከለያ እንዲጠለሉ፤ ደማቸውንም እንዲያስመረምሩ ያዝዙ ነበር። ነገር ግን ለሌላው ያጸኑትን ትእዛዝ ለራሳቸው አላጸኑትም። ጣቶቻቸው ተቃጠሉ፤ ዓይኖቻቸውም ደከሙ። በመጨረሻም የአጥንታቸው መቅኒ ደም መሥራት አቅቶት፤ ሐምሌ 4 ቀን 1934 ዐረፉ። በ1995 ዐፅማቸው ወደ ፓንቴዎን ሲዛወር የመረመሩት ሊቃውንት፤ ለሕመማቸው ምክንያት ከራዲዩሙ ይልቅ የጦርነቱ ዘመን ራጅ ሳይሆን እንዳልቀረ ገመቱ። የጻፉባቸው ደብተሮችም እስከ ዛሬ ጨረር ስላለባቸው በፓሪስ በእርሳስ ሣጥን ይጠበቃሉ፤ የራዲዩም ኃይል በግማሽ የሚቀንሰው በ1600 ዓመት ነውና።

በ1928 በስቶክሆልም ስለ ጨረር ጥንቃቄ የሚመክር የዓለም ኮሚቴ ተቋቋመ። ከዚያ የመነጨው ሥርዓት ዛሬ የጨረር ሠራተኛ የሚቀበለው መጠን፤ በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ፤ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ይወስናል። ሠራተኛው መጠኑን የሚለካ መሣሪያ በደረቱ ላይ ያደርጋል፤ የጥንቃቄ ኃላፊውም ውጤቱን በመዝገብ ይጽፋል። የጥበቡም መሠረት ሦስት ነው፤ በጨረሩ አጠገብ ብዙ አለመቈየት፤ ከእርሱ መራቅና በመከለያ መጠለል። ከትንሽ ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል።

ይህን ሕግ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ያላወቀው ጀማሪ ብቻ አይደለም፤ ከጨረሩ ጋር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ ብሎ የተደፋፈረ መምህርም ያፈርሰዋል። ጨረር ግን ማዕረግ አይለይም፤ የሁለት ኖቤል ባለቤት የሆኑትንም አላከበረም። ስለዚህ መምህሩ መከለያውን ለተማሪው ሲያሳይ፤ አስቀድሞ ራሱ ከኋላው ይቁም።